ሰጥታ የማትቀበለዋ ዘፋኝ

አንዲት ሴት ነበረች። ሰኞ ማለዳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ የብረት በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች፤ ጭኗ ላይ በነጠላ የተቋጠረ ነገር ይዛለች። እግሯ የደረቀ ጭቃ ብቻ ነው። ከሩቅ አገር እንደመጣች ያስታውቃል።

እንዲህ ያለች ሴት አይታችሁ አታውቁም? ዛሬ ወደዚህ ስትመጡ እንኳ ቢያንስ ሁለቱን አልፋችኋል። ስታዩአቸው ምን አሰባችሁ? እውነቱን ተናገሩ፤ እዚህ ማንም አይከሳችሁም። "ልትለምን ነው" ብላችሁ አሰባችሁ። ወይ እጃችሁ ወደ ኪሳችሁ ሄደ፣ ወይ ዓይናችሁ ወደ ሌላ ወገን ሄደ። ከሁለቱ አንዱ ነው።

ያፌትም እንዲሁ አሰበ።

ያፌት ክፉ ሰው አይደለም። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ እንዳትፈርዱበት ነው። የዲቦራ ማናጀር ነው። ዲቦራ ማን ናት? ስሟን በስልካችሁ እንዳትፈልጉት፤ ምሳሌ ነው የምነግራችሁ። በዚህ ምሳሌ ውስጥ ግን ዲቦራን የማያውቅ የለም። ሰርግ ያለ እሷ ዘፈን አይደምቅም። ታክሲ ስትገቡ እሷ ናት፣ ከታክሲ ስትወርዱም ከሱቁ የምትሰሙት እሷን ነው። ስታዲየም ስትዘፍን ውጭ የቀረው ሰው ከገባው ይበልጣል።

አንዳንዶቻችሁ "ዘፋኝ" ስል ፊታችሁን አጨማደዳችሁ። አይቻችኋለሁ! ቆዩ እንጂ። እሷ ያደረገችውን እኛ አድርገነው ቢሆን ኖሮ ከዚህ መድረክ ላይ በየሳምንቱ እናወራው ነበር።

ምን አደረገች? ከጥቂት ዓመታት በፊት ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን አየች። እናቱ ወተት ስታጠጣው ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል። ዲቦራ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ምሳ መብላት አቃታት። "እኔ በድምፄ እንጀራ እበላለሁ፤ ይሄ ልጅ ድምፅ የሚወጣበት አፉ እንኳ አልተገጠመለትም" አለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይህን ቀዶ ጥገና የሚያውቁ ሐኪሞች ለሁለት ሳምንት ይመጣሉ። ሕክምናውን፣ የእናቶቹን ማረፊያ፣ የመንገዱን፣ ሁሉንም እሷ ትችላለች። ስንቱ ሕፃን ከንፈሩ ገጠመለት! ስንቷ እናት ልጇን በነጠላ ሳትሸፍን ገበያ ወጣች!

"እግዚአብሔር ይስጣት" በሉ እንጂ፤ ምን ያሸማቅቃችኋል?

እንግዲህ ይህቺ ደግ ሴት አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ ቀረበች። ጋዜጠኛው "ይሄን ሁሉ ስትሰጪ ከሰው ምን ትጠብቂያለሽ?" ብሎ ጠየቃት። ዲቦራ ቀና አለችና "ምንም! እኔ እሰጣለሁ እንጂ ከማንም አልቀበልም" አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እናንተም ብትኖሩ ታጨበጭቡ ነበር። እኔ ራሴ ቆሜ አጨበጭብ ነበር። ሲሰሙት እንዴት ያምራል!

ያፌት ከካሜራዎቹ ጀርባ ቆሞ ሰማ። ሰማና ሕግ አደረገው። ከታካሚ ቤተሰብ ምንም ነገር አይወሰድም፤ ዶሮም ቢሆን፣ ማርም ቢሆን፣ ቅቤም ቢሆን። "ነገ ከድሃ ወሰዱ ይሉናል" ይላል። የእመቤቱን ስም መጠበቁ ነው፤ ሥራው ነው። ዘበኛውንም አስጠነቀቀ።

አሁን ወደ ሰኞዋ ሴት እንመለስ። ስሟ አንጓች ነው። የመጣችው ከጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስም አልፎ ነው። ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጇ የኔዓለም ትባላለች፤ ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል። አምና ከንፈሯን ሰፍተውላታል። ዘንድሮ ደግሞ ላንቃዋ ሊሰፋ ቀጠሮ አላት፤ ረቡዕ ሆስፒታል ትገባለች። አንጓች ግን ሁለት ቀን ቀድማ መጣች። ለምን?

ስለት ነበረባት! አምና ልጇ ከቀዶ ጥገና ክፍል ስትወጣ፣ ያቺ የተሰነጠቀች ከንፈር ገጥማ ባየች ጊዜ፣ አንጓች እዚያው ኮሪደር ላይ ተንበረከከችና "ይሄን ያደረገችልኝን ሰው በእጄ ፈትዬ አለብሳታለሁ" ብላ ተሳለች። ዓመቱን ሙሉ ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ጋቢ አሠራች። ፈትል የምታውቁ እናቶች እዚህ አላችሁ፤ ለአንድ ጋቢ እንዝርቱ ስንት ቀን እንደሚሾር እናንተ ንገሩን። እርሻና ከብት፣ አፏ ያልዳነ ልጅ እያለባት እሷ ፈተለች።

ያፌት በሩን ከፍቶ ሲወጣ ከድንጋዩ ተነሣች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

"እንደምን አደሩ ጌታው። የዲቦራ ቤት ይሄ ነው ብለውኝ ነው።"

"ደህና አደርሽ እናቴ። ምን ነበር?"

"እሷን ለማየት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ይቺን..." ብላ ቋጠሮዋን መፍታት ጀመረች።

"አትፍቺው፣ አትፍቺው። እሷ ልምምድ ላይ ናት፤ አትገኝም። እኛ ደግሞ ከሰው ምንም አንቀበልም። ለራስሽ ይሁን።"

"የእጄ ሥራ ነው እኮ ጌታው። ተስዬ ነው..."

"ገብቶኛል። እግዚአብሔር ያክብርልን። ግን ሕጋችን ነው፤ ምን ላድርግ?"

ሰዓቱን አየ። ረፍዶበታል። በነጠላው ሥር የልጅቷን ፊት አየና ሆዱ ባባ። ልብ በሉ ወገኖቼ፤ ያፌትን ያሳሳተው ጭካኔ አይደለም፣ ርኅራኄ ነው። ከኪሱ ብር አወጣ፣ መዳፏ ላይ አስቀመጠ፣ ጣቶቿን በገዛ እጁ አጠፈላት። "ይሄው ለመሳፈሪያ። በዚህ ፀሐይ ልጅ ይዘሽ አትንገላቺ፤ ወደ አገርሽ ግቢ" አላት።

አንጓች ብሩን አየችው። ቀና ብላ ሰውዬውን አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ግን የመጣላትን ቃል ዋጠችው። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ጎንበስ አለች፣ ቋጠሮዋን አቅፋ ሄደች።

ያፌት መኪናው ውስጥ ገባ። ደስ አለው። ማለዳ ላይ አንድ ጽድቅ ሠርቶ የሚውል ሰው እንዴት እንደሚቀለው ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ ቀለለው። ልትሰጥ የመጣችን ሴት ለማኝ አድርጎ እንደመለሳት አላወቀም።

እናንተ ስንት ጊዜ እንዲህ ቀልሏችሁ ውላችኋል?

ረቡዕ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። የሕፃናቱን ቀጠሮ የምትከታተለው ነርስ ናት፣ ሲስተር አስካለ።

"ያፌት፣ የኔዓለም የምትባለዋ ልጅ አልገባችም።"

"መንገድ ላይ ይሆናሉ፤ ነገ ይደርሳሉ።"

"ምን መንገድ ላይ! ሰኞ እዚህ መጥታ አይቻታለሁ። 'ዲቦራን አመስግኜ ልምጣ' ስትለኝ ቤታችሁን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ጋቢ ይዛላት ነበር፤ በእጇ የፈተለችው። አልደረሰችም?"

ያፌት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

"በጎረቤቷ ስልክ ደወልኩ" አለች ሲስተር አስካለ። "አገሯ ገብታለች። 'ልጄን ለቢላ አልሰጥም' ብላለች አሉኝ። ምን አግኝቷት ነው? ከእናቶቹ ሁሉ የምትቀለኝ እሷ ነበረች።"

"እንግዲያው... ለከርሞ አይሆንም?"

"ለከርሞ? ያፌት፣ ልጅቷ አፍ የምትፈታበት ጊዜ እኮ ነው! ላንቃው ክፍት ከሆነ ትንፋሹ በአፍንጫ ያመልጣል። 'አባ' ማለት እንኳ አትችልም። ለከርሞ ስትመጣ ምላሷ በጠማማው ለምዶ ይጠብቀናል፤ ያንን ማቃናት መከራ ነው። ሐኪሞቹ ደግሞ የመጨረሻ ቀናቸው ቅዳሜ ነው። እሁድ የሉም።"

ስልኩ ተዘጋ። ያፌት ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ምን ያድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቱ የመጣውን ልንገራችሁ? ሾፌር ልላክላት አለ። ከሾፌሩ ጋር ጠቀም ያለ ብር ልላክላት አለ! አያችሁ? ሰውዬው በብር የሰበረውን በብር ሊጠግን ነው። መስጠት ብቻ የሚያውቅ ሰው ሌላ መድኃኒት የለውም። ከዚያ ግን ሥራዬ ላይ ይምጣ እንጂ አልደብቅም አለና ዲቦራ ወደምትለማመድበት አዳራሽ ሄደ። የነገራትም ጠማማውን ሳያቃና፣ እንደሆነው ነው። ለዚህ ነው ክፉ ሰው አይደለም ያልኳችሁ።

ዲቦራ ማይክራፎኑን አስቀመጠች።

"ምን አልካት?"

"ከሰው ምንም አንቀበልም አልኳት።"

"ሌላስ?"

"ለመሳፈሪያ ሰጠኋት።"

ዲቦራ አንድ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን አወረዱ። ያፌት "ዛሬ ከሥራ ወጣሁ" ብሎ ተዘጋጅቷል።

"ያንተ ጥፋት አይደለም" አለችው በመጨረሻ። "ቴሌቪዥን ላይ ያልኩትን ነው ያልክላት። ያን ቀን ያጨበጨቡልኝ ይሄን ነው።"

"መኪና ልላክላት?"

"አይላክም። ነገ ማለዳ እኔ እሄዳለሁ። አንተም ትሄዳለህ።"

ሐሙስ ስለ በጎ አድራጎቷ የሚተላለፍ ፕሮግራም ልትቀረጽ ቀጠሮ ነበራት፤ ሰረዘችው። አንዱ ካሜራ ያዥ "እኔም ልምጣ፣ ጥሩ ነገር ይወጣዋል" ሲል "አንተ እዚሁ እረፍ" አለችው። ይቺ ዘፋኝ በጣም ደስ ትለኛለች።

ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ። ዓባይ በረሃን ወርደው ወጡ፤ ደብረ ማርቆስን አልፈው የጥርጊያውን መንገድ ያዙ። ከቀትር በኋላ መኪናው ከእንግዲህ አልሄድም አለ። የጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። በእግራቸው ቀጠሉ። የያፌትን የከተማ ጫማ በአሥር እርምጃ ጭቃ ዋጠው። እሱ ግን ጭቃውንም አላየ፤ የሚናገረውን እያጠና ነው። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ስልክ እገዛላታለሁ፣ ለዓውደ ዓመት በግ እልክላታለሁ፣ ጣሪያዋ ሣር ከሆነ ቆርቆሮ... ገና መንገድ ላይ ሆኖ ቤቷን ሠርቶ ጨረሰላት!

አንጓች ደጅ ላይ እህል እያሰጣች ነበር። ቀና ስትል ቀድማ ያየችው ያፌትን ነው። እጇ እህሉ ላይ ቀረ። ባሏ መንበሩ ልጅቷን አቅፎ ከጓሮ ብቅ አለና ከሚስቱ አጠገብ ቆመ።

ዲቦራ ወደፊት ሄደች። እንደ አገሬው ጎንበስ ብላ "እንደምን ዋላችሁ። ዲቦራ እባላለሁ" አለች።

"ስምሽንማ ማን ያጣዋል" አለች አንጓች። ድምፅዋ አልሞቀም። "ምነው በደህና?"

"ስለት አለብሽ አሉኝ። ልለብስ ነው የመጣሁት።"

መንበሩ ሚስቱን አያት።

"ተስዬስ ነበር" አለች አንጓች። "ዓመት ፈትዬ፣ ልጅ አዝዬ፣ ደጅሽ ድረስ ይዤው መጥቼ ነበር። ከበር መለሳችሁኝ። ለመሳፈሪያ ተሰጥቶኝ ተመለስኩ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም፣ እመቤቴ። ልጄን ሐኪም ቢላ ሥር የማስተኛት አምኜ ነው። ዓይኗን ጨፍና ስትተኛ እኔ ውጭ ነው የምቆመው፤ ከማመን ሌላ ምን አለኝ? ምስጋናዬን ከበር የመለሰ ሰው ልጄን ያከብርልኛል ብዬ በምን ልመን?"

መንበሩም "እኔም ሕክምናው ይቅርባት ብያለሁ" አለ። "ሳታወራ ብትኖርም ልጄ ናት።" ይሄን ሲል ግን ልጅቷን ደረቱ ላይ ጥብቅ አደረጋት።

አያችሁ ነገሩ የት እንደደረሰ? አንድ ጋቢ ከበር በመመለሱ አንዲት ሕፃን ንግግሯን ልታጣ ነው። ዲቦራ ምን ማለት ትችል ነበር? "ይሄን ሁሉ ያወጣሁት ለናንተ አይደል?" ማለት ትችል ነበር። "ስንቱ የሚለምነውን እናንተ ትገፋላችሁ?" ማለት ትችል ነበር። ስንቶቻችን እንል ነበር!

ዲቦራ "ልክ ነሽ" አለቻት። "እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ቅር ያሰኘሽ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሰጪ ብቻ ልባል ፈልጌ ነው። አሁን እንድታለብሺኝ ነው የምለምንሽ።"

አንጓች ዓይኗን ከዲቦራ ሳትነቅል ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ቤት ገባች። ሣጥን ሲከፈት ተሰማ። ጋቢውን ይዛ ወጣችና ዘርግታ ዲቦራን በሁለት ትከሻዋ ላይ አለበሰቻት። ነጭ፣ ወፍራም፣ ጥበቡ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። መድረክ ላይ በሚያብለጨልጭ ልብስ የለመድናት ዲቦራ እህል በተሰጣበት ደጅ ላይ ጋቢ ለብሳ ቆመች። "ኧረ ለምን ደከምሽ" ልትል ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለሰችውና "አምሮብኛል?" አለች።

አንጓች ሳቀች። እንባዋም መጣ። "እንደ ሙሽራ!" አለችና እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። መንበሩ ልጅቷን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ "ነገ እንሄዳለን! ነገ እንሄዳለን!" ይላል።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይላችኋል አይደል? አልጨረስኩም። ያፌትን ረሳችሁት።

ያፌት አጥሩ ጋ ቆሟል። ያጠናው ንግግር ሁሉ ጠፍቶበታል። ሁሉም ወደ ቤት ሲገባ "እኔ መኪናው ጋ ልጠብቃችሁ" አለ። አንጓች ከበሩ ላይ ዞር አለች።

"መኪናው ጋ ምን አለ? እንግዳ አይደለህም እንዴ? ግባ!"

ገባ። በዚያ አገር ልማድ እንግዳ ከመንገድ ሲገባ አስቀድሞ እግሩ ይታጠባል። አንጓች ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ አመጣች። የዲቦራን እግር አጠበች። ከዚያ ሳፋውን ይዛ ወደ ያፌት መጣችና ከፊቱ ተንበረከከች።

ያፌት ከበርጩማው ላይ እንደተቃጠለ ሰው ብድግ አለ። "ኧረ በፍጹም! እርስዎማ የእኔን እግር አያጥቡም! ይልቅ እኔ ላጥብዎት። ይቅር ይበሉኝ፤ የሚያስፈልግዎትን ይንገሩኝ፣ በግ ልግዛልዎት፣ ለቤቱም ቢሆን..."

አንጓች አልተነሣችም። ውሃው ሳፋው ላይ እየተነነ እንደተንበረከከች ነው።

"ወንድሜ" አለችው። "ሰኞ ዕለት ያን ብር ስታስጨብጠኝ ደጃፍህ ላይ ጥዬልህ ልሄድ ነበር። እውነቴን ነው፤ አንገብግቦኝ ነበር። ግን ይሄ ሰው አዝኖልኝ ነው የሰጠኝ፤ እጁን አላሳፍረውም ብዬ ተቀበልኩህ። በሱ ተሳፍሬ ነው አገሬ የገባሁት። እኔ ያንተን ተቀብያለሁ። አንተ የእኔን ለምን ትመልሳለህ? ይሄ ሁለተኛህ እኮ ነው!"

ያፌት ወደ ሳፋው አየ።

ያችን ሴት አይታችኋል? ያፌት ሰጠ፣ እሷ ግን ተቀበለች። የትኛው ይከብዳል? ኪሱ ውስጥ ያለውን ለመስጠት ያፌት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። እሷ ያን ለመቀበል ዓመት የፈተለችውን ኩራቷን መዋጥ ነበረባት። ለክብሩ ብላ ውርደቷን ተሸከመችለት፣ እሱ ግን በመኪናው ውስጥ ጽድቅ ሠራሁ ብሎ እያፏጨ ሄደ!

ያፌት ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጭቃ የዋጠውን ጫማ አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር፤ ሊደብቀው ሞከረ፣ አልሆነም። የዝነኛዋ ዘፋኝ ማናጀር፣ ስንቱን ከበር የሚያስገባና የሚመልስ ሰው፣ በቀዳዳ ካልሲው ጎጃም ውስጥ አንዲት የገበሬ ሚስት ፊት ቁጭ አለ። አንጓች ካልሲውን ጎትታ አወለቀች፣ ጭቃውን አጠበች፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር አጠበች። ሲያበቃ እንደ አገሯ ወግ እግሩን ሳመች።

ያፌት አለቀሰ። ደግሞ እንዲህ በጨዋ ደንብ በመሐረብ የሚታበስ ለቅሶ አይደለም፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ እንደ ልጅ አለቀሰ። አንጓች ለዚያ ሁሉ ሰው "መንገዱ ደክሞት ነው" አለችለት። አሁንም ሸፈነችለት!

ዓርብ አብረው ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ቅዳሜ የኔዓለም የሐኪሞቹ የመጨረሻዋ ታካሚ ሆና ገባች። አንጓች ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ ዘንድሮ ግን ብቻዋን አልቆመችም። ዲቦራ በአንድ ጎኗ፣ ያፌት በሌላው ነበሩ። ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ከወራት በኋላ ያፌት ስልክ ላይ መንበሩ በጎረቤቱ ስልክ ደወለ። "አለች!" ብሎ ጮኸ። ያፌት "ምን አለች?" ሲለው "አባ አለች! ጥርት አድርጋ! አባ!" አለው። ከዚያ ሁለት ጎልማሶች በስልክ ላይ እየሳቁ ንግግር አቃታቸው።

ዲቦራ ዛሬም ትሰጣለች፤ እንዲያውም ከድሮው ትበልጣለች። ሐኪሞቹ በመጡ ቁጥር ግን የሕፃናቱ እናቶች ያመጡትን ማርና ዳቦ ቆሎ ከእነሱ ጋር ተቀምጣ ትበላለች። ከድሃ ወሰደች ያላት ሰው የለም። ቢላትስ ምን ቸገራት?

እንግዲህ ወደ እናንተ መጣሁ።

እናንተ ደጎች ናችሁ። አውቃለሁ። እዚህ ቤት የታመመ ሲኖር ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። ግን ልጠይቃችሁ፤ ከማን ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ? ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ አገሯ ደርሳ ስትመለስ በላስቲክ የቋጠረችውን በሶ ስታቀርብላችሁ "አንቺው ብይው" አላችኋት። ደግነት መሰላችሁ! የእናቷ እጅ ያዘጋጀውን እኮ ነው የመለሳችሁት። ልጃችሁ የመጀመሪያ ደመወዙን ተቀብሎ ሹራብ ገዝቶ ሲመጣ "ምን አባከነህ? እኔ ምን ጎደለኝ?" አላችሁት። እሱ ያን ቀን ሰው ልሆን ነው ብሎ ነበር የመጣው። ልጅ አድርጋችሁ መለሳችሁት። ሚስትህ "ዛሬ እኔ ላግዝህ" ስትል "ተይው፣ እችለዋለሁ" የምትለው ወንድሜ፣ አንተንም ነው የምናገረው። እኔንም ነው።

ሁልጊዜ ሰጪ የሆነ ሰው ሁልጊዜ ከላይ ነው። ከላይ መሆን ይመቻል! ከላይ ሆኖ ግን ሰው አይወደድም፤ ይፈራል፣ ይመሰገናል፣ በሩ ላይ ይጠበቃል እንጂ አይወደድም።

አምላክ ራሱ ምን ጎድሎት ነው? ሰማይና ምድር የእርሱ ሆኖ ሳለ የእኛን የምስኪኖቹን መባ፣ የእኛን የተሳሳተ ዝማሬ፣ የእኛን የደከመ ምስጋና "አምጡ" የሚለን ለምንድን ነው? እየሰጠን ብቻ ቢኖር ለማኞቹ ሆነን እንቀር ነበር። ስለሚቀበለን ልጆቹ ሆንን! እርሱ ከእናንተ እጅ ሲቀበል ያልተዋረደ፣ እናንተ ማን ናችሁና ከሰው እጅ መቀበል ያዋርደናል የምትሉት?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ስጡ፤ እንደ ወትሮው ስጡ። ግን ደግሞ አንድ ሰው ይመጣባችኋል፤ እርግጠኛ ነኝ። ከእናንተ ያነሰ የሚመስላችሁ ሰው፣ ከሱ ምንም የማትጠብቁት ሰው፣ በእጁ የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል። "አያስፈልገኝም" የሚለው ቃል አፋችሁ ላይ ይደርሳል። ቃሉን ዋጡት። ቁጭ በሉ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ይጠባችሁ።